ወሬ ዝገት አይደለም

መቀስ የሚል ስም ያወጡለት በልብስ ስፌት ፋብሪካው የመቁረጫ ክፍል አብረውት የሚሠሩት ናቸው። ጨርቅ ስለሚቆርጥ ብቻ አይደለም፤ እንደዚያማ ቢሆን ክፍሉ በሙሉ መቀስ በተባለ ነበር። ይኼኛው ግን ሰው ትከሻ ላይ የተንጠለጠለች ክር ካየ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይበጥሳል። ወንበር ከመስመር ወጣ ካለ ይገፋዋል፤ ጨዋታ ከርዕሱ ወጣ ካለ ደግሞ «እሺ፣ ወደ ነገራችን» ይላል። አንዴ የአለቃውን እጅጌ ክር ሊቆርጥ ሄዶ ቁልፉንም አብሮ ቆርጦለታል። አለቃው ዕድገት ሲመጣ የሱን ስም የሚረሳው ከዚያ ወዲህ ነው እያሉ ይስቁበታል።

ሥራው ግን የሚናቅ አይደለም። ጨርቁ ንብርብር ሆኖ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፤ የካርቶኑ ልክ ከላዩ ይቀመጣል፤ ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል። ከዚያ የብረት ጓንቱን አጥልቆ የኤሌክትሪክ ቢላዋውን በመስመሩ ላይ ይነዳል። መስመሩ ውስጥ ያለው ሸሚዝ ነው። ከመስመሩ ውጪ ያለው ቁርጥራጭ ነው፤ ጆንያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይወጣል። እጁ አንዴ ከሳተ የሚበላሸው አንድ ሸሚዝ ሳይሆን ንብርብሩ በሙሉ ነው። ለዓመታት እንዲህ ሲሠራ የኖረ ሰው ዓለምን ሁሉ ሸሚዝና ቁርጥራጭ አድርጎ ቢያይ አይፈረድበትም። ወይም ይፈረድበታል፤ እኔ እንጃ።

የጓደኛው የሽቦ እናት የፋብሪካው በር ላይ ጠብቀው ያገኙት ልጃቸው ከተቀበረ ብዙም ሳይቆይ ነው። የሥራ መውጫ ሰዓት ነበር። ሠራተኛው እየተጋፋ ሲወጣ እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው የወንዱን ሁሉ ፊት ያያሉ። መቀስ ቀድሞ አያቸውና ዞር ብሎ ሊያልፍ ዳድቶት ነበር። ልጇን የቀበረች እናት ፊት ምን ይባላል?

«አንተ ነህ አይደል፣ የልጄ ጓደኛ?» አሉት።

«አዎ፣ እማማ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ።»

«አይቼሃለሁ። ስታለቅስ አይቼሃለሁ።» እጁን ያዙት። «አንድ ነገር ልለምንህ፣ ልጄ። የሱ ድምፅ አንተ ጋ አለ አሉኝ። እዚያ ምድር ቤት ሲጫወቱ የምትቀዳው አንተ ነህ አሉኝ። ፎቶው አለኝ። ልብሱ አለኝ። ድምፁ ግን እየጠፋብኝ ነው። ትናንት ‹እማዬ› ሲለኝ እንዴት ነበር የሚለው ብዬ ላስታውስ ብል፣ አጣሁት።»

መቀስ አፉ እንዳመጣለት፣ «አለ እማማ፣ ሞልቷል» አለ። «እሑድ ቤት ይምጡ፣ አሰማዎታለሁ።»

«ዘፈኑን አይደለም የምፈልገው፤ ዘፈኑን አላውቅበትም። ዝም ብሎ ሲያወራ ነው።»

«እሺ፣ እማማ።»

መርቀውት ሄዱ። ለአውቶቡስ ተሰልፎ ሳለ ነው ቃል የገባው ነገር የገባው። የሽቦ ጩኸት በካሴት ተሞልቶ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አለ፤ እሱስ እውነት ነው። ሽቦ ሲያወራ ግን የለም። ጠፍቶ አይደለም፣ ተሰርቆም አይደለም። አንድ በአንድ ያጠፋው ራሱ መቀስ ነው፣ ያውም ተጠንቅቆ።

ሽቦ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጎሚስታ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሱ የማያርፍ። የሚሠራበት ጎማ ቤት ሥሩ ምድር ቤት አለው፤ ያለቀ ጎማና የተጣመመ ቸርኬ የሚወረወርበት፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጉድ ነው። እሑድ ከሰዓት ጎማ ቤቱ ሲዘጋ ቁልፉ የሚቀረው እሱ ዘንድ ነው። አንድ እሑድ ታዲያ ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ፣ የማሽኑ ሆድ ላይ ማይክ በፕላስተር ለጥፎ፣ ከተሰበረ የልጆች ኦርጋን ጋር አገናኘውና የድሮ ስልክ እጀታ አፉ ላይ ደግኖ ጮኸ። የጮኸው ግጥም አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ደንበኛ ሲጮኽበት የከረመውን ነው። «ቶሎ በል!» «ይኼ ነው ሥራ?» «ማን ቀጠረህ?» ድምፁ በስልኩ እጀታ አልፎ በአንድ የተቀደደ ድምፅ ማጉያ ሲወጣ፣ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ይመስላል። አብረውት የነበሩት ጓደኞቹ መጀመሪያ ጆሯቸውን ያዙ። ከዚያ መዝለል ጀመሩ።

«ምንድን ነው ይኼ ነገር?» ሲባል፣ ጥግ ላይ የተከመረውን ቸርኬ ያይ የነበረው መቀስ «ዝገት» አለ። ስሙም ዝገት ሆኖ ቀረ።

እሑድ እሑድ ሰው ይመጣ ጀመር። ቀኑን በአውቶቡስ ትኬት ስትቆርጥ የምትውል ሴት ኦርጋኑን ያዘች፤ ግማሹ ቁልፍ አይሠራም፣ የሚሠራውም ያለልኩ ይጮኻል፣ እሷ ግን በክርኗ ጭምር ትመታዋለች። አንድ ቀለም ቀቢ ቸርኬ በመዶሻ ይደበድባል። የቀረው ይጮኻል። ስድስት ቀን «እሺ ጌታዬ» ሲል የከረመ ሁሉ ያቺን እሑድ ይጠብቃታል። እላይ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ኮምፕሬሰር እየሠራ መስሎት ያልፋል።

መቀስ ሙዚቃ የሚባል ነገር አልተሰጠውም። ሲያጨበጭብ እንኳን ሁሉም ከጨረሰ በኋላ አንድ ጭብጨባ ይተርፈዋል። ግን ያንን ጉድጓድ ወደደው። ቀኑን ሙሉ ቢላዋ ይዞ ትንፋሹን ውጦ የሚውል ሰው እዚያ ሲወርድ ደረቱ ይከፈትለታል። ስለዚህ ከደረጃው ሥር ተቀምጦ ቴፕ ጭኑ ላይ አድርጎ መቅዳት ያዘ። «ነገ ይኼ ሁሉ ሲጠፋ ማን ይመሰክራል?» ይል ነበር።

«ያ ጩኸት? ይጥፋ እንጂ!» ትለዋለች ታላቅ እህቱ። ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው። የፊት ለፊቷን ክፍል ፀጉር ቤት አድርጋለች፤ የደንበኛ ወሬ ስትሰማና ስታሰማ ትውላለች። እሱ እታለም ይላታል፤ እሷ ደግሞ የልቧ ሲደርስ ወንድሜ፣ ሲከፋት አንተ ጉድ።

ነገር የተበላሸው ስሙ ከምድር ቤቱ ሲወጣ ነው። አንድ የሆቴል ዘፋኝ ግድግዳ ላይ «የዝገት ምሽት» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። መቀስ ሄዶ አየና ዓይኑ ደም መስሎ ተመለሰ።

«ኦርጋኑ አዲስ ነው! ሰውየው ከረባት አስሯል! ለሙሽሮች ነው የሚዘፍነው! ይኼ እንዴት ዝገት ይባላል?»

«ተወው እባክህ» አለ ሽቦ፣ እጁን በጋዝ እያሸ። «ስም ነው የወሰደ፣ ጎማ አልወሰደ።»

መቀስ ግን የሚተው ሰው አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብሎ ተቀመጠና ጻፈ። ሲጽፍና ሲሰርዝ ከርሞ፣ በመጨረሻ በትልልቅ ፊደል አስጽፎ የምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እንዲህ ይላል፦ «ዝገት ማለት የተበላሸ ማሽንና የተቆጣ ሰው አንድ ላይ ሲጮኹ ነው። ማሽኑ ከተጠገነ ዝገት አይደለም። ሰውየው ከተረጋጋ ዝገት አይደለም። ድምፅ በማሽን ካላለፈ ዝገት አይደለም። በጩኸትና በጩኸት መካከል የሚወራ ወሬ ዝገት አይደለም።»

ሽቦ ጮክ ብሎ አነበበውና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እሺ፣ ምሳ ስበላ ምንድን ነኝ ታዲያ?»

ሁሉም ሳቀ። መቀስም ሳቀ። ግን የቀልድ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የድሮዎቹን ካሴቶች ማጽዳት ያዘ። ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አድርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀዳል፤ ጩኸቱ ሊያልቅ ሲል ጣቱን ማቆሚያው ቁልፍ ላይ ያሳርፍና ሽቦ ትንፋሽ ስቦ አፉን ሳይከፍት ጠቅ ያደርጋል። ቀጣዩ ጩኸት ሲነሳ እንደገና ጠቅ። መስመሩ ውስጥ ያለው ዝገት ነው፣ ከመስመሩ ውጪ ያለው ቁርጥራጭ ነው። ባዶ ካሴት እንደ ልብ አይገኝምና በአሮጌው ላይ የሚቀጥለውን እሑድ ይቀዳበታል። ቁርጥራጩ በዚያው ይጠፋል። ትኬት ቆራጯ አንዴ ትንሽ መቅጃ ይዛ ብትመጣ፣ «ሁለት ዓይነት ቅጂ ካለ እውነተኛው የቱ ነው ሊባል ነው?» ብሎ አስጠፋት።

ሽቦ ደግሞ የሚያወራው በመካከል ነው። አንዱን ጩኸት ጨርሶ ላቡን እየጠረገ፣ ስለዚያ የብስክሌት መንፊያ ይዞ የጭነት መኪና ጎማ ልንፋ ስላለ ሰውዬ ያወራል። ስለ አከራዩ ያወራል። የሰው እግር ረግጦ ይቅርታ ይጠይቃል፣ በይቅርታው መሐል ሌላ ወሬ ይጀምራል። ሰዉ እሑድ የሚወርደው ለጩኸቱ ነው ወይስ ለወሬው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ለወሬው ነው።

አንድ ቀን ሽቦ መቀስ ቤት መጥቶ የጸዳውን ካሴት ሰማ። ጩኸት፣ ጩኸት፣ ጩኸት።

«ወሬዬን የት አደረስከው?»

«ወሬ ዝገት አይደለም።»

«እኔስ?»

«አንተማ ነህ። አንተ ካልሆንክ ማን ሊሆን ነው?»

«እኔኮ ግማሹ ወሬ ነኝ፣ መቀስ። ኧረ ግማሽም አይበቃው!» አለና ሳቀ። መቀስ «እሺ፣ ወደ ነገራችን» ብሎ ሁለተኛውን ካሴት ከተተ።

ሽቦ የሞተው ጠዋት ሥራ ላይ ነው። የጭነት መኪና ጎማ እየነፋ ሳለ ፈነዳ፤ ቸርኬው ተወርውሮ ደረቱን መታው። ኮምፕሬሰሩ የሚያጠፋው ሰው እስኪመጣ ድረስ ይሠራ ነበር አሉ። የጎማ ቤቱ ባለቤት ከቀብሩ ማግስት ምድር ቤቱን በትልቅ ቁልፍ ዘጋው። ዝገትም በዚያው አለቀ። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ እስካሁን እዚያው ይሆናል፣ የሚያነበው የለም እንጂ።

ወደዚያ ሳምንት እንመለስ። መቀስ ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ መደርደሪያው ሥር ይቀመጣል። አንዱን ካሴት ያወጣል፣ የጩኸቱን መጨረሻ ይሰማል፣ የሚቀጥለውን መጀመሪያ ይሰማል። አንዲት ቃል። ግማሽ ቃል። «እ» ብቻ እንኳን ትሁን። ምንም። ጣቱ የትም ቦታ አልሳተችም። ዕድሜውን ሙሉ እጄን አታስተው ብሎ የኖረ ሰው፣ ምነው አንዴ እንኳን በሳትኩ ብሎ አለቀሰ።

ከሁሉ የባሰበት ደግሞ አንዱን እሑድ ማስታወሱ ነው። ሽቦ ያን ቀን ስለ እናቱ ነበር ያወራው። ረጅም ወሬ ነበር። ሰዉ በሙሉ ዝም ብሎ ያዳምጠው እንደነበር፣ ትኬት ቆራጯ ዓይኗን እንደጠረገች ያስታውሳል። ቤት መጥቶ ሲያጸዳ ያቺ ቁልፍ ጣቱ ሥር እንዴት እንደነበረችም ያስታውሳል። ሽቦ ያለውን ግን አያስታውስም። ቁርጥራጭን ማን ልብ ይላል?

ትኬት ቆራጯን አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄዶ ለመናት። «ተደብቀሽም ቢሆን የቀዳሽው ነገር የለም?»

«አንተ አይደለህ እንዴ አጥፊ ያልከኝ?» አለችው። ትኬቷን መቁረጥ አላቆመችም። «አጠፋሁ።»

«አንድ ቃል እንኳን ቢሆን...»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ መቀስ። ውረድልኝ፣ ሰው ልጫንበት።»

ቅዳሜ ለእህቱ ሁሉንም ነገራት። የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች ነበር፤ ሴትዮዋን የማድረቂያው ካስክ ሥር አስገብታ ወደ ጓዳ መጣች።

«እውነቱን ንገራቸው» አለችው።

«ምን ብዬ? ልጅዎን ቆርጬ ጣልኩት ልበላቸው?»

«ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል። ቀስ ብለህ፣ አክብረህ። ‹አላወቅኩም ነበር፣ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ› በላቸው። ከዚያ ደግሞ አፍ አለህ አይደል? ሲያወራ ስትሰማ የኖርክ አንተ ነህ፤ ያለውን ሁሉ ራስህ አውራላቸው። ካሴቱ ባይኖር አንተ አለህ።»

ይኼ ምክር ልቡ ገባ። ማውራት አይሆንለትም፣ ግን ይሞክራል። የብስክሌት መንፊያውን ሰውዬ፣ አከራዩን፣ ሳቁን። ያንን የእናቱንም ወሬ ሲጀምረው ትዝ ይለው ይሆናል። እሑድ ጠዋት ሲነሳ ቁርጥ አድርጎ ነበር የወሰነው።

የሽቦ እናት ሰርግ እንደተጠሩ ሁሉ ለብሰው መጡ። ጫማቸው ተወልውሏል። ወንበሩን ራሳቸው ወደ ቴፑ ሳቡና ተቀመጡ፤ ሻሻቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። «ግራው ይሻለኛል» አሉ፣ ግራ ጆሯቸውን ወደ ማጉያው አስጠግተው። መቀስ ይኼን ሲያይ የተዘጋጀበትን ንግግር መጀመር አቃተው። ጊዜ ለማግኘት ከድሮዎቹ ካሴቶች አንዱን ከተተ። የመጀመሪያው ጩኸት «ንፋ! ንፋ!» የሚለው መሆኑ ትዝ ሲለው ቶሎ ብሎ አሳለፈው።

ኮምፕሬሰሩ መታ። ኦርጋኑ ጮኸ። እናትየው ደነገጡ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማሽኑ ነው፣ እማማ።»

«ይኼስ?»

«ይኼ... ይኼ እሱ ነው። እሱ ነው የሚጮኸው።»

«ይኼ?» ጆሯቸውን ይበልጥ አስጠጉ። «ቶሎ በል! ቶሎ በል! ማን ቀጠረህ!» ይላል ካሴቱ። «ኧረ ይኼ ብረት ነው። ልጄ እንዲህ አይደለም።» ትንሽ ሰሙና ፊታቸው ተለወጠ። «ማን ነው እንዲህ ያስቆጣብኝ? ቤት ሲገባኮ እየሳቀ ነው የሚገባ። ማን ነበር እንዲህ የሚያስቆጣው? ለምን ሳይነግረኝ?»

መቀስ ከዚህ በላይ አልቻለም። ተንበረከከ፣ ዓይናቸውን ማየት ፈርቶ ጫማቸውን እያየ፣ «እማማ» አለ በሹክሹክታ፣ «አንድ ነገር ልነግርዎት...»

ጩኸቱ ተቋረጠ። ካሴቱ ውስጥ ዝምታ መጣ፤ ከዝምታው ውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ጉንፋን የያዘው፣ ልጅነት ያለው ድምፅ፣ «ይሰማል?» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሰማል ወይ? እሺ። ይሰማል።»

እናትየው ከወንበሩ ተነሱ።

«ይኸው! ይኸው! ልጄ! እሱ ነው!»

እሱ አልነበረም። መቀስ ነው። ያኔ ለማጽዳቱ ሁለተኛውን ቴፕ ያመጣ ዕለት እየቀዳ መሆን አለመሆኑን ሲሞክር የተናገረው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲፈልግ ሰምቶታል፤ የራሱ ድምፅ ስለሆነ እንደ ሰው ድምፅ እንኳን ሳይቆጥረው አልፎታል።

«መልሰው! በናትህ መልሰው!»

መለሰው። «ይሰማል? ይሰማል ወይ?» እናትየው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። «እንዲህ ነበር! እንዲህ ነበር የሚለው! አየህ፣ ረስቼው ነበርኮ!»

እህቱ እጇ በሻምፑ እንደተለወሰ በሩ ላይ ቆማለች። የወንድሟን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሐል ትለያለች፤ ያሳደገችው እሷ ናት። መቀስ ቀና ብሎ አያት። ራሷን ወዘወዘች፣ ተው እንደማለት።

«እሱ ነው አይደል?» አሉት እናትየው።

ያቺን ደቂቃ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? መፍረድ ቀላል ነው። ፊት ለፊቱ ያሉት ሴትዮ የጠፋባቸውን አግኝተዋል፤ ከእጃቸው ላይ ነጥቆ የኔ ነው ማለት አንዴ የወሰደውን እንደገና መውሰድ ሆነበት። ራሱን ላይ ታች ነቀነቀ።

ካሴቱን ወሰዱ፤ ቴፑንም ሰጣቸው። ከመሄዳቸው በፊት፣ «የልጄ ድምፅ ብለህ ጻፍበት፣ እንዳይምታታብኝ» አሉት። መቀስ በሕይወቱ አንድ ካሴት ላይ የተሳሳተ ነገር ጽፎ አያውቅም። በዚያ ቀጥ ባለ የጠመኔ እጁ «የልጄ ድምፅ» ብሎ ጻፈና ሰጣቸው።

«ምን አደረግክ?» አለችው እህቱ በሩ እንደተዘጋ።

«ተይኝ፣ እታለም። ሆድ ይፍጀው።»

«ሆድማ ይፍጀው። አፍህንስ ምን ልታደርገው ነው? አሁን ደንግጠው ነው እንጂ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ አንዴ ደህና አድርገህ ብታወራ ያውቁሃል።»

ያን ጊዜ ነው የገባው። ጉድ ያለው በዚህ በኩል መሆኑን አላሰበውም ነበር።

ምድር ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ እሑዱ ባዶ ነው። እናትየው ደግሞ ቴፑ አሮጌ ስለሆነ ክሩ ይጠመጠምባቸዋል፤ ያስጠሩታል። ሄዶ በጉንፋን አሳቦ እየሾከሾከ፣ በእርሳስ እያጠነጠነ ያስተካክልላቸዋል። ሁለተኛው እሑድም ጉንፋን፣ ሦስተኛውም ጉንፋን። አሁን ሕመም ነው ብለው አምነዋል። ሲገባ ማር በትኩስ ውሃ በጥብጠው ይጠብቁታል፤ «ሐኪም ቤት ሂድ፣ አንተ ልጅ፣ ጉሮሮ አይናቅም» እያሉ ይቆጡታል። እሱም ጨርሶ መሾክሾኩንም ተወው። በር ሲያንኳኳ ማን ነው ብለው ቢጠይቁ አይመልስም፤ እሱ መሆኑን የሚያውቁት ባለመመለሱ ነው።

ባለፈው እሑድም ሄደ። ክሩን አስተካከለና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ሥር ቴፑ፣ ከላዩ የሽቦ ፎቶ። እናትየው ቁልፏን ተጫኗት።

«ይሰማል?» አለ ካሴቱ።

«ይሰማል፣ ልጄ» አሉ እናትየው። «ጥርት ብሎ ይሰማል።»

«ይሰማል ወይ?»

«ይሰማል፣ የኔ ጌታ።»

ከዚያ ቴፑን አጠፉና የሳምንቱን ወሬ ለፎቶው ነገሩት፤ የጎረቤትን ጠብ፣ የሰበሩትን ብርጭቆ፣ የጉልበታቸውን ሕመም። ሲያወሩ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ይጀምራሉ፤ ልክ እንደ ልጃቸው። መቀስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይሰማል። የብስክሌት መንፊያው ሰውዬ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። አከራዩም አለ። ላስታውስ ማለቱን ከተወ በኋላም፣ ሳይታሰብ ባለፈው ሳምንት ጨርቅ እየቆረጠ ሳለ፣ ያ ስለ እናቱ የተወራው ወሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መጥቶለታል።

እናትየው ዞር ብለው አዩት። ብርጭቆውን እየሰጡት፣ «ዓመት ሙሉ አብራችሁ እዚያ ታች ስትውሉ» አሉ፣ «ስለኔ የሚለው ነገር ነበር? አንድ ቀን እንኳን አንስቶኝ ያውቃል?»

መቀስ ጉሮሮውን በእጁ ነካ አድርጎ ራሱን ላይ ታች ነቀነቀ።